ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፦ የአርባ ልጆች ወላጆች እንዴት እንደሞቱ ኢትዮጵያ ትናገር

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

አዲስ አበባ የተወለድኩ አርመን ነኝ። ከአብዮቱ በኋላ ቤተሰቤ እንደ ብዙዎቹ አርመኖች አገር ለቀቀ፤ አሁን የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ኢትዮጵያ በ1915 በአርመኖች ላይ የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት በይፋ እንድታውቀው ለመጠየቅ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

እዚህ ያለነው አርመኖች ወግ አጥባቂ እንባላለን። ነንም። ልጆቻችን በአርመንኛ እንዲጸልዩ፣ በቤተ ክርስቲያን እንዲያገቡ እንፈልጋለን። ፖለቲካችንም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ሰፈራችን ሲመጣ ስለ ግብር እና ስለ ቤት ኪራይ ይጠየቃል። ስለ 1915 ሳይጠየቅ ግን አይሄድም። በሴፕቴምበር 2023 አዘርባጃን በኃይል ስትይዘው ከናጎርኖ ካራባህ፣ እኛ አርፃኽ ከምንለው ምድር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለተሰደዱት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችም ይጠየቃል። ትተዋቸው ስለወጡት እንደ ጋንድዛሳር ስላሉ ጥንታዊ ገዳማትም እንዲሁ።

የአሜሪካ ኮንግረስ ሁለቱም ምክር ቤቶች በ2019 እውቅና የሰጡት በዚህ ዓይነት የብዙ ዓመት ውትወታ ነው። ኡራጓይ በ1965 ቀድማለች። ፈረንሳይ በ2001፣ ጀርመን በ2016 ተከትለዋል። ዛሬ ከ30 አገሮች በላይ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቡና ሲጠጣ ሽማግሌዎቻችን ዝርዝሩን በቃላቸው ይወርዱታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይሉና “የእናንተ ኢትዮጵያስ?” ይላሉ። ምን ልበላቸው?

የሚያንገበግበኝ ኢትዮጵያ ለዚህ ታሪክ ባዕድ ስላልሆነች ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመኖች ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። ልጆቹ የሙዚቃ ባንድ ነበራቸው። አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ “አርባ ልጆች” ተባሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1930 በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማውን፣ እስከ አብዮቱም ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የቆየውን ዜማ ደረሰ። ከመካከላችሁ የብዙዎቻችሁ ወላጆች ጠዋት በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆመው የዘመሩት ይህንኑ ነው። የወንድሙ ልጅ ኔርሰስም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ አሠልጥኗል!

ኢትዮጵያውያን የአርባ ልጆችን ታሪክ በፍቅር ያወሩታል፤ እኔም በፍቅር ነው የምሰማው። ግን እነዚያ ልጆች ወላጅ ያጡት በወረርሽኝ አልነበረም። ኤፕሪል 24 ቀን 1915 የኦቶማን (የያኔው የቱርክ) መንግሥት ቁስጥንጥንያ ውስጥ የአርመን ምሁራንንና መሪዎችን ለቃቅሞ አሰረ። ከዚያ መንደር በመንደር ወንዶቹ ተገደሉ፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንቶች ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው አለቀ። ኢትዮጵያ ልጆቹን በክብር ተቀብላለች። ወላጆቻቸው እንዴት እንደሞቱ ግን እስከ ዛሬ በይፋ አልተናገረችም።

የሚያሳስባችሁ ቱርክ እንደሆነች አውቃለሁ። ባለሀብቶቿ ኢትዮጵያ ውስጥ ፋብሪካ ከፍተዋል። በ2024 መጨረሻም ከሶማሊያ ጋር የነበረው ፍጥጫ የረገበው አንካራ ላይ ነው። ይህን አላቃልልም። ነገር ግን የጀርመን ፓርላማ በ2016 ሲወስን ቱርክ አምባሳደሯን ጠርታ ነበር፤ ከወራት በኋላ መለሰችው። ንግዱም ቀጠለ። እኛ ደግሞ የዛሬውን የቱርክ ሕዝብ ክሰሱልን አላልንም።

“የአርሜኒያ መንግሥት ራሱ ጉዳዩን ትቶታል” የሚላችሁ አይጠፋም። በእርግጥም የጠቅላይ ሚኒስትር ፓሺንያን መንግሥት ከቱርክ ጋር ለመታረቅ ሲል የእውቅናውን ነገር ወደ ኋላ አድርጎታል። በዚህ አንስማማም። የብዙዎቻችን አያቶች የዛሬዋ አርሜኒያ ሰዎች አልነበሩም፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካሉት ከአይንታብ፣ ከቫን፣ ከካርፐርት የተፈናቀሉ ናቸው። ደማቸውን መደራደሪያ እንዲያደርግ ውክልና የሰጠነው መንግሥት የለም።

የተፈጸመ ግፍ ሲካድ ምን እንደሚመስል ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ያለው ከምክር ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ስድስት ኪሎ ነው። ጣልያን በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። በጋዙ የተቃጠሉ አርበኞች ስንቶቹ ይህን ሳይሰሙ አረፉ!

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ጉዳዩ ለውጭ ግንኙነት ቋሚ ኮሚቴው ይመራና አጭር የውሳኔ ሐሳብ ይቅረብ። ኤፕሪል 24 በእናንተ ሚያዝያ 16 ነው፤ ድምፅ ለመስጠት የተመቸ ቀን ይመስለኛል። በዚያው ዕለት ፒያሳ አካባቢ ባለው የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሚደረገው ጸሎት የምክር ቤቱ ተወካይ ይገኝልን። አዲስ አበባ የቀሩት አርመኖች ጥቂት፣ አብዛኞቹም ያረጁ ናቸው። እነሱ በሕይወት እያሉ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዲስ አበባ ተወላጅ፣ ከግሌንዴል