ከኋላ የሚመጣ ሳይክል ድምፁን ያሰማ፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጎንደር

ጉዳዩ፦ እግረኛና ሳይክል ነጂ አብረው በሚሄዱባቸው መንገዶች ላይ ቀድሞ ማሳወቅን ልማድ ስለማድረግ

የተከበሩ ከንቲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቅሬታዬን ከማንሳቴ በፊት ምስጋና ይቅደም። በኮሪደር ልማቱ ከተማችን ሰው ተዝናንቶ የሚሄድበት መንገድ አግኝታለች። አመሻሽ ላይ ሰው ልጁን ይዞ በፋሲል ግቢ ዙሪያ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። ሳይክል የሚነዱ ልጆችም እያየን ነው። እኔም ሳይክል እነዳለሁ፤ ሥራዬም የምሄደው በሳይክል ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሳይክል ይቀነስ ብዬ አይደለም። እንዲያውም እንዲበዛ እፈልጋለሁ። እንዲበዛ ግን እግረኛው ሊፈራው አይገባም።

ችግሩ ቀላል ነው። ሳይክል አይሰማም። ባጃጅ ገና ከሩቅ ይታወቃል፤ ሞተሩ ይናገራል፣ ክላክሱም አያርፍም። ሳይክል ግን ደህና ንጣፍ ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም። የእኛ ከተማ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከፒያሳ ወደ ታች የሚወርድ ልጅ ፔዳል እንኳ መምታት አያስፈልገውም። ሳይክሉ በራሱ ይበራል። ከፊቱ ያለው እግረኛ የሚያውቀው ጎኑ ሲደርስ ነው።

እስቲ እናስላው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል። ቁልቁለት ላይ ይህ ፍጥነት ምንም አይደለም። እግረኛው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ የሚራመደው ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰከንዱ 4 ሜትር ያህል ይጠባል ማለት ነው። ሦስት ሜትር ሲቀረው ደወሉን የሚመታ ልጅ ለእግረኛው አንድ ሰከንድ እንኳ አልሰጠውም። ሃያ ሜትር ላይ ቢደውል ግን አምስት ሰከንድ ያህል ይሰጠዋል። በአምስት ሰከንድ ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ የልጁን እጅ ይይዛል፣ ጠጋ ይላል።

ባለፈው ሰሞን ያየሁትን ልንገርዎ። አንዲት እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። አንድ ልጅ ከኋላቸው መጣና ጀርባቸው ላይ ሲደርስ ደወሉን አቃጨለው። እሳቸው ደንግጠው ወደ ግራ ዘለሉ። ልጁም ሊያልፍ ያሰበው በግራ ነበር። ፍሬን ያዘ፣ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፣ ለጥቂት ተረፉ። መቁጠሪያው መሬት ወድቆ ነበርና ልጁ ወርዶ አነሳላቸው። ባለጌ ልጅ አልነበረም። «ደውዬ ነበር'ኮ እማማ» አላቸው። እውነቱን ነው፣ ደውሏል። እሳቸው ደግሞ «በየት በኩል እንደምትመጣ በምን ልወቅ ልጄ?» አሉት።

የእማማ ጥያቄ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ደወል አንድ ነገር እየመጣ መሆኑን ይናገራል። በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አይናገርም። እሱን የሚናገረው አፍ ነው። «እማማ፣ በግራዎ ልለፍ»። «ጋሼ፣ በግራ ነኝ»። «እህቴ፣ በግራሽ ነኝ፣ አይዞሽ»። ይኸው ነው። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምትነዳው። ስለዚህ እግረኛው ቀኙን ይዞ ቢሄድ፣ ሳይክሉም ሁልጊዜ በግራው ቢያልፍ ለሁሉም የለመዱት ነገር ይሆናል። ካለፉ በኋላ ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ምንም አያስከፍልም።

እኛ ደጅ ላይ ቆመን «ቤቶች!» ሳንል ሰው ቤት ዘው ብለን አንገባም። ከሰው ጀርባ በሳይክል መምጣትም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ልጆች ግን ድምፅ ማሰማት ሲባል የሚመጣላቸው የገበያ ተሸካሚ የሚጮኸው «ዞር በሉ!» ነው። ተሸካሚው ኩንታል ጀርባው ላይ ነው፣ ቆም ብሎ ይቅርታ ልጠይቅ ቢል ወገቡ ይቆረጣል። ሳይክል ነጂ ግን ፍሬን አለው። የሚጠይቀው መንገድ እንዲሰጡት እንጂ እንዲሸሹለት አይደለም።

ሌላው ዓለም ይህን በሕግ አስቀምጦታል። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ሳይክል በበቂ ርቀት የሚሰማ ደወል እንዲኖረው ያዛል። በእንግሊዝ አገር አዲስ ሳይክል የሚሸጠው ደወል ተገጥሞለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የመንገድ ደንባቸው ደግሞ ሳይክል ነጂው እግረኛን ከኋላ በፍጥነት እንዳያልፍ፣ ሲያስፈልግ ደወል እንዲመታ ወይም በትሕትና እንዲጣራ ይመክራል። ጃፓኖች ከዚህም ይብሳሉ። እግረኛን ከመንገድ ለማስለቀቅ ብሎ ደወል መምታት በሕጋቸው ክልክል ነው፤ በእግረኛ መንገድ ላይ ቅድሚያው የእግረኛው ነው። እኔ የጃፓኑን መንፈስ ወድጄዋለሁ። ደወሉ ለማሳወቅ ይሁን፣ ለማባረር አይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ አደራ እላለሁ። ደወልም ድምፅም የማይደርሳቸው ሰዎች አሉ። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን አሉ። ኢርፎን ጆሯቸው ላይ የሰኩ ተማሪዎች ሞልተዋል። ነጭ በትር ይዘው የሚሄዱ ማየት የተሳናቸው ደግሞ ደወሉን ይሰማሉ፣ ግን ዞር ብለው ማየት አይችሉም። ለእነሱ ጎናቸው የሚያልፍ ሳይክል ነፋስ ራሱ ያስደነግጣል። ስለዚህ ደንቡ «ደውሎ ማለፍ» ብቻ መሆን የለበትም። ደውሎ፣ ተናግሮ፣ ፍጥነት ቀንሶ ማለፍ ነው። ሰውየው ካልዞረ አልሰማም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። መንገዱ ከጠበበ ወርዶ ሳይክሉን መግፋት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

እንግዲህ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እግረኛና ሳይክል አንድ ላይ በሚሄዱባቸው ቦታዎች፣ በተለይ ቁልቁለቱ ከማለቁ በፊትና መታጠፊያ ላይ፣ መሬቱ ላይ በአማርኛ ይጻፍ፦ «ቀስ በል፣ ድምፅ አሰማ፣ በግራ እለፍ»። ጽሑፉ የሳይክል ነጂውን ዓይን የሚይዝ ትልቅ ይሁን። አሁን ብዙ ቦታ መሬቱ ላይ ያለው የሳይክል ሥዕል መንገዱ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ እንዴት አብረን እንደምንሄድ አይናገርም።

ሁለተኛው የኪራይ ሳይክል ነው። ልጆች በሰዓት ከሚከራዩት ውስጥ ደወል የሌለው፣ ፍሬኑ የላላ ብዙ ነው። የሚያከራዩት ወጣቶች እንጀራቸው ስለሆነ ሥራቸው እንዲነካ አልፈልግም። ነገር ግን ደወልና የሚይዝ ፍሬን የሌለው ሳይክል አይከራይ የሚል ግልጽ መመሪያ ቢወጣ፣ ለማስተካከያም ጊዜ ቢሰጣቸው፣ ቅር የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። የራሳቸው ልጆችም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

ትምህርት ቤቶችማ ዋናዎቹ ናቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያው ይህን ለአንድ ሳምንት ቢያስተምር፣ የተማሪ ትራፊኮችም ቅዳሜና እሑድ መንገዱ ላይ ቆመው ቢያሳዩ፣ ልጁ ቤቱ ሄዶ ለታላቅ ወንድሙ ይነግረዋል። ቅጣት በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ልጁ ምን ማለት እንዳለበት ይማር። አሁን ብዙዎቹ ዝም ብለው የሚያልፉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ያስተማራቸው ሰው የለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርም ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሠራ የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግርና የሳይክል ጉዞ፣ ስትራቴጂ ስላለው፣ ይህ ሥራ ከዚያ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ለእግረኛውም አንድ ቃል አለኝ። አራት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን መንገዱን ስንሞላው የሚያልፍ ሰው መከራውን ያያል። «በግራዎ ልለፍ» ሲባል ተቆጥቶ ማጉረምረምም ልጁን ሁለተኛ ዝም ያሰኘዋል። ሲጠይቀን «እለፍ ልጄ» እንበለው።

ጥምቀት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ በማግስቱም ሲመለሱ፣ በዚያ ሕዝብ መሀል በሳይክል ላይ ሆኖ ደወል መምታት ትርጉም የለውም። ስለዚህ ጥር 10 እና 11 ታቦታቱ በሚያልፉባቸው መንገዶች ሳይክል የያዘ ሁሉ ወርዶ እንዲገፋ አስቀድሞ ይነገር፤ ሳይክል የሚቀመጥበት ቦታም ይዘጋጅ።

የምልክቶቹ ነገር ከጥምቀት በፊት ቢያልቅ ደስ ይለኛል። የትኞቹ ቦታዎች ይቅደሙ የሚለውን ለመወሰን አንድ ቀን የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ፣ አንድ ትራፊክ ፖሊስና አንድ ማየት የተሳነው ሰው አብረው መንገዱን በእግር ቢሄዱበት ይበቃል። ቀለም የሚቀባ ሰው ካነሰ ደግሞ እኔና ሳይክል የሚነዱ ጓደኞቼ ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን፤ ብሩሹን ከእኛ፣ ቀለሙን ከእናንተ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጎንደር ከተማ ነዋሪና ሳይክል ነጂ