«ታክስ የለም» ስለሚባሉት ስቴቶች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጃንዋሪ ገብቶ ደብሊው-2፣ ማለትም አሠሪ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር የሚያሳይበት ቅጽ፣ በፖስታ መድረስ ሲጀምር፣ አሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል «ቴክሳስ እኮ ታክስ የለም፣ ለምን አትሄድም?» የሚለው ምክር አብሮ ይነሣል። ምክሩ ከቅን ልብ የሚመነጭ ቢሆንም ጎደሎ ነው፤ ጎደሎነቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰው ሥራውን ለቅቆ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። እኔም ይህንኑ ምክር ለአጎቴ ልጅ ሰጥቼ ነበርና ያየሁትን ለአንባቢዎች ማካፈል እንዳለብኝ ይሰማኛል።

የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ተዛውሮ አዲስ የተሠራ ቤት ገዛ። በመጀመሪያው ዓመት የወር ክፍያው ቀለል ብሎለት ደስ ብሎት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ያበደረው ባንክ የወር ክፍያው በብዙ መቶ ዶላር መጨመሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ላከለት። ደብዳቤውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝና መስመር በመስመር አብረን አነበብነው። ብድሩም ወለዱም አልተነካም፤ ያደገው ባንኩ ለንብረት ግብርና ለመድን በየወሩ እየሰበሰበ የሚያስቀምጠው፣ ኢስክሮ የሚባለው ገንዘብ ነበር። በቴክሳስ የንብረት ዋጋ የሚገመተው በጃንዋሪ 1 ባለበት ሁኔታ ነው፤ በዚያ ቀን ቤቱ ገና አልተሠራም ነበርና የመጀመሪያው ዓመት ግብር የተሰላው በባዶው መሬት ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሙሉው ቤት ሲገመት ግብሩ አደገ፤ ባንኩም የጎደለውንና ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገውን አንድ ላይ ጠየቀ።

ቴክሳስ የደመወዝ ግብር እንደማይጥል እውነት ነው፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 መራጩ ሕዝብ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ላይ ክልከላውን አጽድቋል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱም፣ መንገዱም፣ ፖሊሱም ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ገንዘቡም ከደመወዝ ካልመጣ ከቤትና ከገበያ ይመጣል። የንብረት ግብሩን የሚሰበስቡት ስቴቱ ሳይሆን የትምህርት ቤት አስተዳደሩ፣ ካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) እና ከተማው ናቸው፤ ከፋዩ ግን ያው ነዋሪው ነው። ቤት ያልገዛ ሰውም ነፃ ነኝ እንዳይል፣ አከራዩ የሚከፍለው ግብር ኪራዩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ሁለተኛው የሽያጭ ታክስ ነው። ቴክሳስ 6.25 በመቶ ታስከፍላለች፤ ከተሞችና ሌሎች የአካባቢ አስተዳደሮች እስከ 2 በመቶ ሊጨምሩበት ስለሚችሉ 8.25 በመቶ ይደርሳል። ሜሪላንድ 6 በመቶ ላይ ትቆማለች። ይህ ታክስ ሳንቲም በሳንቲም ስለሚወጣ ብዙዎቻችን አንቆጥረውም፤ ሆኖም የሚከብደው ዝቅተኛ ገቢ ባለው ላይ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ገቢውን ከሞላ ጎደል ለዕለት ፍጆታ ሲያውል፣ ባለጸጋው ግን ትልቁን ክፍል ያጠራቅማል። ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ዴላዌርና ኒው ሃምፕሸር የሽያጭ ታክስ የላቸውም። በቤንዚን፣ በሲጋራና በአልኮል ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ደግሞ ከነጭራሹ በደረሰኝ ላይ ተለይቶ አይታይም፤ በዋጋው ውስጥ ገብቶ ይከፈላል።

የገቢ ግብርም ቢሆን በየስቴቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፔንሲልቬኒያ ከሁሉም ነዋሪ 3.07 በመቶ ስትወስድ፣ ካሊፎርኒያ ገቢ ባደገ ቁጥር መጣኔውን እያሳደገች በሚሊዮን የሚቆጠር ገቢ ላይ እስከ 13.3 በመቶ ታደርሳለች። በሜሪላንድ ከስቴቱ ግብር በተጨማሪ ካውንቲዎችም የገቢ ግብር ይሰበስባሉ፤ ከ3 በመቶ በላይ የሚያስከፍሉትም ብዙ ናቸው። በሜሪላንድ እየኖሩ በቨርጂኒያ የሚሠሩ ወገኖች ደግሞ፣ በሁለቱ ስቴቶች ስምምነት መሠረት የደመወዛቸውን ግብር የሚከፍሉት ለሚኖሩበት ለሜሪላንድ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። አሠሪው በስሕተት ለቨርጂኒያ ቆርጦ ከሆነ፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ለቨርጂኒያም ማስታወቅ ግድ ይሆናል። በታክሲና በመሳሰለው በግል ለሚሠሩት ደግሞ ቀድሞ የሚቆርጥላቸው ስለሌለ፣ በየሩብ ዓመቱ ራሳቸው ገምተው ለፌዴራሉም ለስቴቱም ካልከፈሉ ቅጣት ይከተላል።

ወደ አጎቴ ልጅ ልመለስና፣ በደብዳቤው ምክንያት ያወቅነው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በቴክሳስ በሚኖርበት ቤት ላይ «ሆምስቴድ» የተባለውን ቅናሽ የጠየቀ ሰው፣ የትምህርት ቤት ግብር ከሚሰላበት የቤቱ ዋጋ ላይ ቀድሞ 100,000 ዶላር፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ 140,000 ዶላር ይቀነስለታል። ማመልከቻው ምንም አይከፈልበትም፤ ካላመለከቱ ግን አይገኝም። ቤት ሲገዛ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ የመጡለትን ወረቀቶችም ማስታወቂያ መስለውት ጥሏቸዋል። የቤቱ ግምት በዝቷል የሚል ባለቤትም ግምቱ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ወይም እስከ ሜይ 15፣ ከሁለቱ በዘገየው ቀን፣ መቃወም ይችላል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በየዓመቱ የታክስ ወቅት ከመድረሱ በፊት፣ አንባቢዎች በሚበዙባቸው ስቴቶች ከደመወዝ፣ ከገበያና ከቤት የሚከፈለውን ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ የሚያመለክቱባቸውን ቅናሾችና ቀነ ገደቦችንም የያዘ ገጽ በአማርኛ እንዲያወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከሜሪላንድ አንድ አንባቢ