የአይጥ ጥናት ዜና ሲጻፍ «እናቶቹ ስንት ነበሩ?» ተብሎ ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጫት በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ የልጅን አንጎል ይጎዳል አይጎዳም የሚሉ ዜናዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከአይጥ ሙከራ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት በመስኖ ይለማል፣ በከተማው ይቃማል፤ ስለዚህ ዜናው ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። ነጭ አይጥ የምታረግዘው 22 ቀን ገደማ ሲሆን የልጆቿ አንጎል እድገት እጅግ የሚፈጥነው ከተወለዱ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ነው። በሰው ይህ እድገት የሚገጥመው በእርግዝናው የመጨረሻ 3 ወራት ነው። እናቲቱ ስትወልድ ጫት መስጠቱን ያቆመ ጥናት ይህን ወቅት አልነካውም፤ «ጉዳት አልታየም» ቢል እንኳ ስለ መጨረሻዎቹ ወራት የሚነግረን የለም።

በብዛት የሚበላሸው ግን ቆጠራው ነው። የአንዲት እናት ልጆች አንድ ማኅፀን፣ አንድ ወተት፣ አንድ እንክብካቤ ስለሚጋሩ ይመሳሰላሉ። 8 እናቶች እያንዳንዳቸው 10 ልጅ ቢወልዱ ናሙናው 80 ሳይሆን 8 ነው። 80 ብሎ ያሰላ ተመራማሪ በአጋጣሚ የመጣ ልዩነት የጫቱ ሥራ ሊመስለው ይችላል። ጋዜጠኛው ለተመራማሪው ደውሎ «እናቶቹ ስንት ነበሩ?» ቢል ብዙ የተጋነነ ርዕስ ሳይታተም ይቀራል።

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። እናቲቱ ስላልበላች ብቻ ልጆቿ ሊቀጭጩ፣ ባህሪያቸውም ሊለወጥ ይችላል። መፍትሔው ጫት የምትወስደዋ የበላችውን በየቀኑ መዝኖ ጫት ለማትወስደው ማነጻጸሪያ አይጥ በማግስቱ ያንኑ ያህል ብቻ መስጠት ነው። ማነጻጸሪያዋም ጫቱ ወደ ሆድ በሚሰጥበት ዓይነት ቱቦ ጫት የሌለበትን ፈሳሽ መቀበል አለባት፤ ቱቦው ራሱ ያስጨንቃል። ጫት የወሰደች እናት ልጆቿን በአግባቡ ላትልስና ላታጠባ ስለምትችል ደግሞ ከልጆቹ የተወሰኑትን በተወለዱ በ1 ቀን ውስጥ ላልወሰደች እናት ሰጥቶ ማሳደግ ያስፈልጋል። ያለዚያ ጉዳቱ ከማኅፀን ይሁን ከአስተዳደግ አይለይም።

ቅጠሉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። በፀሐይ ከደረቀ ቅጠል የተዘጋጀ ጭማቂ ትኩስ ጫት የምትቅም ሴት የምታገኘውን አይወክልም። ቅጠሉ በተቀጠፈበት ቀን ታጥቦ (ፀረ ተባይ ሊኖርበት ይችላል) ወዲያው መቀዝቀዝ፣ መጠኑም በቅጠል ግራም ብቻ ሳይሆን በካቲኖን ሚሊግራም መጻፍ አለበት። ለአይጥ በኪሎ ክብደት የተሰጠው መጠን ለሰው ሲገመት በ6 ገደማ ይካፈላል፤ ይህን የዘለለ ዜና አንባቢን በከንቱ ያስደነግጣል።

ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የሚሰጠው ምክር ግን የአይጥ ውጤት እስኪጠራ አይጠብቅም። ካቲን በሚቅሙ እናቶች የጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል፤ በየመን የተደረገ ጥናትም የሚቅሙ እናቶች ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጫቱን ይተዉት።

ሁለት የፋርማኮሎጂ መምህራን፣ ከባሕር ዳር