ላሟ ከመውለዷ በፊት ካልሲየም አታብዙባት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በእርባታ ዓምዳችሁ ስለ ወላድ ላሞች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። አብዛኛው ጥሩ ነው። አንዱን ምክር ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ላሟ ልትወልድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ካልሲየም በብዛት ስጧት፤ ያኔ ስትወልድ አትወድቅባችሁም ይላል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ከወተት ላሞች ጋር ነው። ይህ ምክር ላሞችን ከመውደቅ አያድንም፤ እንዲያውም ይጥላቸዋል። እባካችሁ አርሙት።

ምክሩ ለምን ሰውን እንደሚያሳምን ይገባኛል። ወተት ካልሲየም ይፈልጋል፤ እንግዲያው ቀድሞ ማጠራቀም ነው። ማንም እንዲህ ያስባል። የላሟ ሰውነት ግን እንዲህ አይሠራም። በደሟ ውስጥ ስንት ካልሲየም እንደሚኖር የሚወስነው የበላችው ብዛት ሳይሆን ሆርሞን ነው።

ቁጥሩን እንየው። 600 ኪሎ የምትመዝን ላም በአጥንቷ ውስጥ ከ7 ኪሎ በላይ ካልሲየም አላት። በደሟ የሚዘዋወረው ግን 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በወለደችበት ቀን 10 ሊትር እንገር ብትሰጥ፣ 20 ግራም ገደማ ካልሲየም አብሮ ይወጣል። ደሟ ከያዘው ስድስት ሰባት እጥፍ በአንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ላሞች አይወድቁም። ለምን? የሚወጣውን እየተከታተለ የሚተካ ሥርዓት ስላላቸው ነው።

ሥርዓቱ የሚጀምረው አንገቷ ውስጥ ነው። በእንቅርት ዕጢ አካባቢ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። የደሙ ካልሲየም ትንሽ ዝቅ ሲል ያውቁታል፤ ወዲያው ሆርሞናቸውን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ኩላሊት ዘንድ ሲደርስ በሽንት ሊወጣ የነበረው ካልሲየም ይመለሳል። እዚያው ኩላሊት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ካልሲትሪዮል ወደሚባለው፣ ሥራ ወደሚሠራው ዓይነት ይለወጣል። ካልሲትሪዮል ደግሞ አንጀትን ከመኖው ካልሲየም እንዲስብ ያዘዋል። አጥንትም ከያዘው ላይ እንዲለቅ ይታዘዛል። በሌላ በኩል የደሙ ካልሲየም ከልክ በላይ ከወጣ፣ ከእንቅርት ዕጢ ካልሲቶኒን የሚባል ሆርሞን ይመጣና አጥንት መልቀቁን እንዲቀንስ ያደርጋል።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ኩላሊት ቶሎ ይታዘዛል፤ ግን በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ዱሮም ትንሽ ስለሆነ ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ብዙ አይደለም። አንጀት በሙሉ ኃይሉ መሳብ እስኪጀምር አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። አጥንት ሁለት ቀን ገደማ ይፈልጋል። አሁን ላሟን ለሳምንታት በካልሲየም ላይ ካልሲየም ስትቀልቧት ምን እንደሚሆን አስቡት። ደሟ ምንም አይጎድለውም። ዕጢዎቹ የሚለቁበት ምክንያት የላቸውም። አንጀቷ ጠንክሮ መሳቡን ይተዋል፤ አጥንቷም ይዘጋል። ጎተራው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቁልፍ ያዡ ግን ተኝቷል። ከዚያ ትወልዳለች፤ እንገሩ ይወርዳል። ቁልፍ ያዡ እስኪነቃ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ላሟ ሁለት ቀን የላትም። ከወለዱ በኋላ የሚወድቁት ላሞች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንባቢዎቻችሁ ሁሉ እንዲህ ያለች ላም አይተው ላያውቁ ስለሚችሉ፣ እኔ የማየውን ልጻፍ። መጀመሪያ ትቅበጠበጣለች። በኋላ ክብደቷን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ጡንቻዋ ይርገበገባል። ይህን ሰዓት ብዙ ሰው አያየውም፤ ሌሊት ያልፋል። ከዚያ ትተኛለች፤ መነሳት ያቅታታል። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ታስቀምጣለች። አፍንጫዋ ይደርቃል። ጆሮዋን ስይዘው ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሳልመረምር የምጠረጥረው በጆሮዋ ነው። ሆዷ ላይ የልብ ማዳመጫዬን ሳስቀምጥ ጸጥ ያለ ነው፤ ያ የለመድኩት ጉርምርምታ የለም። ካልታከመች በጎኗ ትዘረጋለች፣ ራሷን ትስታለች፣ ትሞታለች።

ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም ነው፤ በዝግታ። አንድ እጄ ጠርሙሱን ይዞ፣ ጆሮዬ ልቧ ላይ ነው። ልብም ጡንቻ ነው፤ ካልሲየም በፍጥነት ከገባ ሊቆም ይችላል። ምቱ ከተዛባ አቆማለሁ። ለዚህ ነው ያልሠለጠነ ሰው ይህን መርፌ በራሱ እንዲሰጥ የማልመክረው። በደንብ ከሄደ ግን ከሕክምና ሥራ ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ጡንቻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አፍንጫዋ ላይ ጤዛ የመሰለ እርጥበት ብቅ ይላል። ከዚያ ታገሳለች። ያ ግሳት ሆዷ እንደገና መንቀሳቀሱን ይነግረኛል፤ የጨጓራና የአንጀት ጡንቻም ለመኮማተር ካልሲየም ይፈልጋልና። ቀጥላ እበት ትጥላለች፤ ከዚያም ብድግ ትላለች።

ታዲያ አንዳንዷ በማግስቱ ተመልሳ ትወድቃለች። ባለቤቱ መድኃኒቱ አልሠራም ይላል። ሠርቷል፤ ግን ያ ጠርሙስ የጥቂት ሰዓት ስንቅ ነው። ሰዓት ያተርፍላታል እንጂ የዕጢዎቹን ሥራ አይተካም። ደግሞ ሳያስፈልግ ቆማ ለምትበላ ላም በደም ሥር ካልሲየም መስጠት የደሟን መጠን ለጊዜው ያንረዋል፤ ዕጢዎቹም እንደገና ዝም ይላሉ። ከዚያ መጠኑ ተመልሶ ይወርዳል። ከመኖው ምክር ጋር ስህተቱ አንድ ነው።

ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ይህን ማንም አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ዩርገን ሽሚት የሚባል ዴንማርካዊ የእንስሳት ሐኪም በወደቁ ላሞች ጡት ውስጥ የአዮዲን ውሁድ መጨመር ጀመረ፤ ብዙዎቹ ተነሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተራ አየር በጡቱ መንፋትም እንደሚያድን ታወቀ። አየሩ ጡቱን ወጥሮ ወተት እንዳይመረት ስለሚያግድ፣ ካልሲየሙ ከደሟ መውጣቱን ያቆማል። በሽታው የካልሲየም ጉድለት መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1925 አካባቢ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ መድኃኒቱን ያገኙትን እነዚያን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። እኛ ግን ምክንያቱን እናውቃለን፤ እያወቅን የተሳሳተ ምክር ማተም የለብንም።

በጽሑፋችሁ ያልተነሳ ሌላ ነገር አለ፤ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሳይወድቁ በውስጥ የሚጎዱ ላሞች ብዙ ናቸው። የደማቸው ካልሲየም ዝቅ ይላል፤ ግን ቆመው ይሄዳሉ። ሆዳቸው ይዘገያል፣ የሚበሉት ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሰውነታቸው ምግብን የሚያስተዳድርበት መንገድ በተለወጠበት ሰሞን ነው። ከወለዱ በኋላ የእድገት ሆርሞን ከፍ ይላል፤ ኢንሱሊን ዝቅ ይላል። ኢንሱሊን ሲያንስ ጡንቻና ስብ ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር መውሰዳቸውን ይቀንሳሉ። ጡት ግን ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ይወስዳል፤ ስለዚህ ግሉኮሱ ወተት ወደሚሠራበት ይሄዳል። የእድገት ሆርሞን ደግሞ ስቡ እንዲቀልጥ ያደርጋል፤ የቀሩት አካላት በዚያ ይኖራሉ። ለጥጃው ሲባል የተሠራ ድንቅ አሠራር ነው። ግን ላሟ እየበላች መሆን አለባት። ካልበላች ስቡ ከልክ በላይ ይቀልጥና ጉበቷ ላይ ይከመራል። ከቀለጠው ስብ የሚሠሩ፣ ኪቶን የሚባሉ ነገሮች በደሟ ይበዛሉ። ትንፋሿ ይለወጣል፣ ትከሳለች፣ ወተቷ ይወርዳል። ባለቤቱ «ጉበቷን አመማት» ብሎ ይጠራኛል። ነገሩ የጀመረው ግን በካልሲየም ሊሆን ይችላል።

የምግብ መፈጨት ራሱ በሆርሞን እንደሚመራ ያወቅነውም ብዙ ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ቤይሊስና ስታርሊንግ ከአንድ ውሻ አንጀት ቁራጭ ላይ ነርቮቹን ቆርጠው አሲድ ጨመሩበት። ነርቭ ባይኖርም ቆሽት ፈሳሹን አመነጨ። መልእክቱ በደም መሄዱን ያዩት ያኔ ነው፤ ሴክሬቲን አሉት። ሆርሞን ማለት ይህ ነው፦ በአንድ ቦታ ተመርቶ፣ በደም ተጉዞ ሌላውን አካል የሚያዝ። የላሟም ፓራታይሮይድ ያው ነው፤ አንገት ላይ ሆኖ አጥንትን ያዛል።

ታዲያ ከመውለዷ በፊት ምን ይደረግ? ካልሲየም ማብዛቱ ይቅር። ከዚያ በላይ ደግሞ ፖታሲየም ይታይ። ለጋ ሣርና አልፋልፋ ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ይህ የላሟን ደም ወደ አልካላይ፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ይወስደዋል። ያኔ ሆርሞኑ ቢለቀቅ እንኳ አጥንትና ኩላሊት በደንብ አይሰሙትም። ማግኒዝየምም ካነሰ ዕጢዎቹ ሆርሞኑን በበቂ አይለቁም። ለዚህ ነው በብዙ እርባታዎች በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ደሙን ትንሽ ወደ አሲድ የሚያደርጉ ጨዎች በመኖው ላይ የሚጨመሩት። ጨዎቹ ከገቡ የካልሲየሙ ሂሳብ ራሱ ይለወጣል፤ ስለዚህ መኖው ሁሉ አንድ ላይ በባለሙያ መሰላት አለበት። ሦስተኛና ከዚያ በላይ የወለደች ላም፣ በተለይ የጀርሲ ዝርያ፣ ይበልጥ ትጠበቅ። የመጀመሪያዋን የምትወልድ ጊደር አጥንቷ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል፤ ብዙም አትወድቅም።

ውሻ ያላቸው አንባቢዎችም ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ለእርጉዝ ውሻ የካልሲየም ዱቄት የሚሰጥ ሰው በተደጋጋሚ ያጋጥመኛል። በፍቅር ነው የሚሰጠው። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ዕጢዎቹ ይተኛሉ፣ ቡችሎቹ መጥባት ሲበረቱ የእናቲቱ ካልሲየም ይወርዳል። ውሻ እንደ ላም አትዝልም፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ታለከልካለች፣ ሰውነቷ ይግላል፣ ትንፈራገጣለች። ይህ ሰዓት የማይሰጥ ሕመም ነው።

ትልልቅ ዝርያ ያላቸው ቡችሎች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። በእድገት ሆርሞንና እሱ ጉበት ውስጥ በሚያስመርተው አይጂኤፍ ዋን በሚባል ሌላ ሆርሞን አማካይነት አጥንታቸው በፍጥነት ይረዝማል። ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ቡችላ አንጀት ደግሞ ትርፍ ካልሲየምን መመለስ በደንብ አይችልም። በትክክል በተዘጋጀ የቡችላ መኖ ላይ ካልሲየም ከጨመሩበት አጥንቱ ይጣመማል። «እንዲጠነክር ብዬ ነው» ሲሉኝ በጣም ያሳዝነኛል።

ካልሲየም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሥጋ ብቻ የሚበላ የድመት ግልገል ተቃራኒው ይደርስበታል። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ዕጢዎቹ ቀን ከሌት እየለቀቁ አጥንቱን ይመዘብሩታል፤ ከወንበር ሲዘል እግሩ ይሰበራል። እንቁላል የምትጥል ዶሮም በየቅርፊቱ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ስለምታወጣ በመኖዋ ብዙ ያስፈልጋታል። እሷ ግን የመጀመሪያውን እንቁላል ከመጣሏ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት፣ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን በእግሮቿ አጥንት ውስጥ ቶሎ የሚለቀቅ የካልሲየም ክምችት ያዘጋጅላታል። ሌሊት ሳትበላ ቅርፊቱን የምትሠራው ከዚያም እየወሰደች ነው። የዶሮን መኖ ምክር ለላም ማዋል እንግዲህ አይሆንም።

የምጠይቃችሁ አጭር እርማት ነው። በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ስፋት ይውጣ። ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት ካልሲየም በዘፈቀደ አይጨመር፤ መኖው በባለሙያ ይታይ። በአፍ የሚሰጥ ካልሲየም ካስፈለገ ልክ በወለደችበት ሰዓትና በማግስቱ ይሁን። በአፍ የሚሰጠው ግን ቆማ በደንብ መዋጥ ለምትችል ላም ብቻ ነው፤ ለወደቀችው ከሰጧት ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጆሮዋ ቀዝቅዞ መነሳት ካቃታት እስኪነጋ አይጠበቅ፤ ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ እስኪመጣ በጎኗ እንዳትዘረጋ በደረቷ ደግፈው ያስቀምጧት። እርማቱን ስታዘጋጁ ረቂቁን ብትልኩልኝ በዚያው ቀን አንብቤ እመልስላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣችሁ አንባቢ የሆነ የእንስሳት ሐኪም