ቶምን አራተኛ ያደረጋችሁት በምን ሚዛን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሁድ እትማችሁ «የምንጊዜም ተወዳጅ የካርቱን ገጸ ባህርያት» ብላችሁ አሥር ስሞች ደርድራችኋል። ሚኪ ማውስ አንደኛ፣ ባግስ በኒ ሁለተኛ፣ ስፖንጅቦብ ሦስተኛ። ቶምና ጄሪ አራተኛ ናቸው፤ ያውም በአንድ ቁጥር ተዳብለው። ስለነሱ የተጻፈችውም አንዲት መስመር ነች፤ «ሁሌ የሚደባደቡ ድመትና አይጥ» የምትል። ሌላው ሌላው ይቅር፣ በዚህች መስመር ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዝርዝራችሁ ዝነኛውን ከተወዳጁ ጋር ቀላቅሎታል። ሚኪን የማያውቅ የለም። ቲሸርት ላይ አለ፣ የተማሪ ቦርሳ ላይ አለ፣ የሕፃን ካልሲ ላይ አለ። ግን እስቲ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው አቁሙና «ሚኪ ምን ሲያደርግ አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው ጆሮዎቹን ነው የሚነግራችሁ።

ሚኪ ድሮ እንዲህ አልነበረም። በኅዳር 1928 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) በእንፋሎት መርከብ ላይ እያፏጨ ብቅ ሲል የለየለት ተንኮለኛ ነበር። የእንስሳቱን ጭራ እየጎተተ፣ ጥርሳቸውን እየመታ ሙዚቃ ይጫወትባቸዋል። ድምፁ ከእንቅስቃሴው ጋር ገጥሞ መሰማቱ ያኔ ጉድ አሰኝቷል። በኋላ ግን የሠሪው ድርጅት የዲስኒ መለያ ሆነ። መለያ የሆነ ደግሞ ማጥፋት አይችልም። ቁጣውም ተንኮሉም በ1934 ለመጣው ለዳክዬው ለዶናልድ ተላለፈ። ሚኪ ጨዋ ልጅ ሆኖ ቀረ። ጨዋ ልጅ ይከበራል፤ ሰው ግን የሚስቀው ከዶናልድ ጋር ነው።

አሁን ወደ ቶም ልምጣ። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካው ፊልም ድርጅት የኤም ጂ ኤም ሠራተኞች የመጀመሪያውን ፊልም ያወጡት በ1940 ነው። ያኔ ድመቱ ጃስፐር ይባል ነበር። ቶምና ጄሪ የሚለው ስም የመጣው በኋላ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በተደረገ ውድድር ነው። ስሙን ያወጣው ሠራተኛ 50 ዶላር ተሸለመ። ርካሽ ግዢ ነበር።

«ሁሌ የሚደባደቡ» ላላችሁት የ1944ቱን አንድ ፊልም ልጥቀስ። የቶም ባለጸጋ እመቤት ሞተው አንድ ሚሊዮን ዶላር ያወርሱታል። አንድ ሁኔታ ግን አለው፤ ሕይወት ያለው ነገር መጉዳት የለበትም፣ አይጥም ቢሆን። ጄሪ ይህን ሲያውቅ መጥቶ ቤቱ ውስጥ ይሰፍራል። ምግቡን ይበላበታል፣ አልጋውን ይቀማዋል፣ ባሰኘው ሰዓት ያናድደዋል። ቶም ጥርሱን ነክሶ ይችላል፣ ይችላል፣ ይችላል። በመጨረሻ ግን የውርሱን ወረቀት ቀዳዶ ጄሪን ይነርተዋል። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ አንድ ሚሊዮን ዶላር እየጣለ እንደሆነ፣ ደስተኛ ግን እንደሆነ በአንደበቱ ይናገራል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ማለት ይኸው ነው! የጉልበተኛና የደካማ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ለድመቱ አያዝንም ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማዝነው ለቶም ነው። አለቃው የሚያሠራው፣ አይጡ የሚያሾፍበት፣ ውሻው የሚደበድበው ምስኪን ተቀጣሪ ነው። ጄሪ አንዳንዴ ያበዛዋል፣ እውነቱን ለመናገር።

ይሄ ሁሉ ደግሞ በአብዛኛው ያለ ንግግር ነው የሚተላለፈው። ንግግሩን የተካው የስኮት ብራድሊ ሙዚቃ ነው። እግር ሲነሳ፣ ሳህን ሲወድቅ፣ ዓይን ሲጉረጠረጥ ኦርኬስትራው አብሮ ይሄዳል። ቶም ሱፍ ለብሶ በፒያኖ የሙዚቃ ደራሲውን የሊስትን ራፕሶዲ ሲጫወት፣ ጄሪ ፒያኖው ውስጥ ተኝቶ የሚረበሽበትን ፊልም አስታውሱ። ያ ፊልም ኦስካር አግኝቷል። የቶም ያ ዘግናኝ ጩኸትስ? የሃና የራሱ ድምፅ ነው።

እኛ ጋ የሆነውንም እናስታውስ። ዲሽ በየቤቱ ሲገባ ብዙ ልጆች ካርቱን ያዩ የነበረው ከዓረብ ጣቢያዎች ነው። ልጁ አንድም ቃል ሳይገባው አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ቶምና ጄሪ ሲመጣ ግን አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። አያትም ከልጅ ልጃቸው እኩል ይስቃሉ። ፀጉር ቤት ተራ የሚጠብቅ ጎልማሳ ስልኩን አስቀምጦ ሲያይ ብዙ ጊዜ ታዝቤያለሁ። ስፖንጅቦብ ይሄን አያደርግም፤ ቀልዱ ያለው ወሬው ውስጥ ነው።

ፍቅሩ የመጣው ከስሙ ወይም ከመልኩ እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ኤም ጂ ኤም በ1957 የካርቱን ክፍሉን ዘጋው፤ የድሮዎቹን ደጋግሞ ማሳየት አዲስ ከመሥራት የበለጠ አዋጥቶት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሥራ ሦስት አዳዲስ የቶምና ጄሪ ፊልሞችን በፕራግ ያለ ስቱዲዮ ሠራቸው። ድመቱ ያው ድመት፣ አይጡ ያው አይጥ። ግን አይታችኋቸው ከሆነ ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ። እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ሳቁም አይመጣም። የሚሠራቸው ሰው ተቀይሯል። ሃና እና ባርቤራ ራሳቸውም ቢሆኑ በቴሌቪዥን ርካሽ በጀት ሲሠሩ ያን ጥራት አልደገሙትም። ለቴሌቪዥን የሠሩት ዮጊ የሚባለው ድብ አንገቱ ላይ ክራቫት ያሠረው ለማማር እንዳይመስላችሁ፤ ሰውነቱን እንደ ቆመ ትቶ ጭንቅላቱን ብቻ ለመሳል እንዲመች ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ለቶም አድልቻለሁ ማለት ነው። በድሮዎቹ ፊልሞች ላይ ፊቷ የማይታይ፣ እግሯና መጥረጊያዋ ብቻ የሚታይ ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች። አነጋገሯ የተቀረጸው የዚያን ዘመን ነጭ አሜሪካዊ ለማሳቅ ነው። ፈንጂ ሲፈነዳ ፊቱ ጠቁሮ ከንፈሩ የሚያብጥ ገጸ ባህሪም አለ። አንዳንዱን ትዕይንት ጣቢያዎች በኋላ ቆርጠውታል፣ የሴትዮዋንም ድምፅ ለውጠው አሳይተዋል። እኔ ቆርጦ ከመደበቅ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ማስረዳት ይሻላል ባይ ነኝ። ስለ ተወዳጅነት የሚጽፍ ጋዜጣ ግን ይህንንም ማንሳት ነበረበት።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ከሁሉም ይብሳል። በአሥሩ ስሞች ውስጥ የአንድም ሰዓሊ ስም የለም። ቶምና ጄሪ ሰባት ኦስካር አግኝተዋል። ሽልማቱን መድረክ ላይ ወጥቶ ይቀበል የነበረው አለቃቸው ፍሬድ ኩዊምቢ ነው፤ ሃና እና ባርቤራ አልነበሩም። በሚኪም ያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች በእጁ የሳለው አብ አይወርክስ ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ዋልት ዲስኒን ብቻ ነው። ከ80 ዓመት በኋላ ያው ነገር እናንተ ጋዜጣ ላይ ሲደገም ያናድዳል።

ስለዚህ ዝርዝሩን እንድታርሙት እጠይቃለሁ። ቶምና ጄሪን ለያዩአቸው፤ ቶምን ወደ ላይ አውጡት፤ ጄሪ የትም ቢቀመጥ አልከራከርም። በየስሙ ጎንም ሳሉት፣ ድምፅ ሰጡት፣ ሙዚቃ ሠሩለት የምትሏቸውን ሰዎች ጻፉ። ቦታ ጠበበን ካላችሁ አሥሩን አምስት አድርጉት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቋሚ አንባቢዎቻችሁ አንዱ
አዲስ አበባ