ቀስቱን ትተህ ቁጥሩን እይ

ይድረስ ለልጄ፣ ኮምቦልቻ

እንደምን ሰነበትክ? በስልክ የላክልኝን የምርመራ ወረቀት አየሁት። ያስደነገጠህ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 212 ከሚለው አጠገብ ያለው ቀስት መሆን አለበት። አብሽር! ቀስቱ ከ200 ማለፉን ብቻ ነው የሚናገረው። እኔን ያሳሰበኝ ከታች ያለው ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ፣ 310 መሆኑ ነው፤ ጤነኛው ከ150 በታች ነው።

እስኪ እስክሪብቶ ያዝና አብረን እናስላው። ትራይግሊሰራይዱን ለ5 አካፍል፤ 62 ይመጣል። ከ212 ላይ እሱንና ኤችዲኤሉን (ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል)፣ ማለትም 38ን፣ ቀንስ። 112 ቀረ። ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) ብለው የጻፉልህ ይኸው ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩም፣ እንዲህ አስልተው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ትራይግሊሰራይዱ ሲዛባ ኤልዲኤሉም ይዛባል፤ ከ400 ካለፈማ ስሌቱ ጭራሽ አይሠራም። 112 ለክፉ አይሰጥም፤ 190 ቢሆን ኖሮ ግን ከዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ አልልህም ነበር። ኤችዲኤል ለወንድ ከ40 በታች ሲሆን አነሰ ይባላል፤ ያንተም ትንሽ ጎድሏል።

ቁርስ በልቼ ነው ደም የሰጠሁት ብለሃል። ቁርስ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ተራ ቁርስ ብቻውን 310 ያደርሳል ብዬ አላምንም። ድገመው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እህል እንዳትቀምስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ስጥ። ውሃ ጠጣ፤ ስኳር ያለው ቡና ግን ጾሙን ያፈርሰዋል። ከዚያ በፊት ባሉት 3 ቀናት ቢራም አረቄም ይቅር። እንደደረስክ ጥቂት ደቂቃ ተቀመጥ፤ ክንድህ ላይ የሚታሰረው ጎማም ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው ቶሎ እንዲፈቱልህ ንገራቸው። ትራይግሊሰራይዱ አሁንም ብዙ ከሆነ፣ ደሙ ረግቶ ከላይ የሚጠልለው ፈሳሽ ወተት ሊመስል ይችላል። በዚያው ቀን የጾም ስኳርና የታይሮይድ ምርመራም ጨምር፤ ሁለቱም ከጀርባ ሆነው ቅባቱን ሊያዛቡት ይችላሉ።

ትራይግሊሰራይድን ከፍ የሚያደርገው ሰው እንደሚያስበው ጮማ ብቻ አይደለም። ለስላሳ መጠጥ፣ ሻይ ላይ የሚደፋው ስኳር፣ መጠጥ፣ ልክ ያለፈ እንጀራና ዳቦ ይብሳሉ። ኤልዲኤልን የሚያንረው ደግሞ ቅቤና የሚረጋ ዘይት ነው። ጄሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ ቢጻፍም፣ በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ረግቶ የምታየው የፓልም ዘይት ኤልዲኤል ይጨምራል። ጽሑፉ ሐሰት አይደለም፣ ግን ያታልላል።

ሌላ ላብራቶሪ ሚሊሞል በሚባል ሌላ መለኪያ ቢጽፍልህ፣ ኮሌስትሮሉን በ38.7፣ ትራይግሊሰራይዱን በ88.6 አባዛና ከአሁኑ ጋር አስተያይ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ በጾም ወር ይሁን በፍስክ የተመረመርከው ጻፍበት፤ ቅቤና ሥጋ በሌለበት ሰሞን ኤልዲኤል ዝቅ ይላል። መድኃኒት ያስፈልግህ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እሱም ከቁጥሩ ጋር ዕድሜህን፣ ደም ግፊትህን፣ ስኳርህንና ማጨስህን ያያል። ስለ ሲጋራው አትዋሸው።

እናትህ፣ ከደሴ