የአትሌቲክስ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ አሎሎውንም ይዘን

የክበባችን አባላት ዘንድሮ ከመሮጣቸው ሌላ ስለ ሩጫ ብዙ አንብበዋል። ምክንያት ነበረን። ብዙዎቹ «ጎበዝ ሯጭ ከሆንኩ አሜሪካ በስኮላርሺፕ እማራለሁ» የሚል ተስፋ አላቸው። ስለዚህ በአንደኛው ሴሚስተር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከልምምድ በኋላ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲን የአትሌቲክስ ታሪክ አጠናን። የመረጥነው ዋሽንግተን ስቴትን ነው፤ ፑልማን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘውን።

የመረጥነው በሄንሪ ሮኖ የተነሳ ነው። ኬንያዊው ሮኖ እዚያ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። በ3 ሺህ፣ በ5 ሺህ፣ በ10 ሺህ እና በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል። 5 ሺውን የጨረሰው በ13:08.4 ነው። ልጆቹ ሰዓቱን ለዙር ሲያካፍሉት ለአንድ ዙር 63 ሰከንድ ገደማ መጣ። «እስቲ እንሞክረው» አሉ። ሜዳችን 400 ሜትር ስለማይሞላ በሜትር ለክተው በኖራ አሰመሩ። አንዷን ዙር በ63 ሰከንድ የጨረሱት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ወዲያው ሣሩ ላይ ተዘረሩ። ሮኖ ይህን ፍጥነት አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ይዞታል! ኬንያ በ1976ም በ1980ም ስላልተሳተፈች ግን ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀረ። በ1976ቱ እኛም አልተሳተፍንም፤ ለምሩፅ ይፍጠርም ያ ዕድል አምልጦታል።

ታዲያ ይኸው ዩኒቨርሲቲ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ውርወራንና ዝላይን ጨርሶ አስቀረ። አጭር ርቀቱንና መሰናክሉንም ቀነሰ። ከእንግዲህ የማተኩረው በረጅም ርቀት ላይ ነው አለ።

ነገሩ የገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲው የነበረበት ሊግ 12 አባላት ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2024 አሥሩ የተሻለ የቴሌቪዥን ገንዘብ ወዳለባቸው ሊጎች ሄዱ። ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻ ቀሩ፤ ገቢያቸውም አሽቆለቆለ። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለፍቶ ለሚጫወት ልጅ መከፈሉ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ወደ አሜሪካ እግር ኳስና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ትኬት የማይሸጥ ስፖርት ቀድሞ ይቆረጣል። ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ በአትሌቲክስ ቡድኑ ከ45 ሰው በላይ መያዝም አይችልም። ስኮላርሺፕ የምታስቡ ልጆች፣ በሩ አልተዘጋም፣ ግን ጠቧል። ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን አደራ።

ይህን ባጠናንበት ቀን አሎሎ የምትወረውር የ10ኛ ክፍል ልጃችን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሯጮቹን ተዉአቸው፣ እኛን ግን ቆረጡን አይደል?» አለች። እውነቷን ነው። ደግሞ ወደ ራሳችን ስናይ ያው ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ባለው ሩጫ ነው። የውርወራም የዝላይም አንድ የለም። እኛም ክበብ ውስጥ አሎሎ ወርዋሪን የምናየው እንደ አጃቢ ነበር። በእኔ እምነት ረጅም ርቀት ብቻ የቀረው ቡድን የሩጫ ቡድን ነው እንጂ አትሌቲክስ አይባልም። ፈርጠም ያለው ልጅ፣ ቁመተ ረጅሙ፣ በቅጽበት የሚወጣ ጉልበት ያለው፣ የት ይሂድ?

ስለዚህ ሁለተኛውን ሴሚስተር ለሜዳ ተግባራት ሰጠነው። ከአዲሱ ሕንፃ ግንባታ የተረፈውን አሸዋ ልጆቹ በባሬላ እያመላለሱ የርዝመት ዝላይ ጉድጓድ ሞሉ። ጠጠሩን በወንፊት ለይተውታል። የአሎሎ ክቡንም በሲሚንቶ ሠራን። ጠያቂዋ ልጅ በክፍለ ከተማው የትምህርት ቤቶች ውድድር ሦስተኛ ወጣች፤ ሯጮቻችንም በ1500 ሜትር ዋንጫ ይዘው መጡ።

ሚኒ ሚዲያ ላይ ባቀረብነው ዝግጅት የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በጣም ተወዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወንዶች አትሌቲክስን እዘጋለሁ ብሎ ነበር። አትሌቶቹና የቀድሞ ተማሪዎቹ አጥብቀው ተሟገቱ፣ በ2021 ውሳኔውን ሻረ።

ለ2019 ዓ.ም. ዲስከስ፣ ሁለት ጦርና የከፍታ ዝላይ ፍራሽ እንፈልጋለን። መርዳት የምትችሉ ወላጆች ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍል ብቅ በሉ። ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል፤ ወርዋሪዎችና ዘላዮችም ኑ።